ወደ ገጠር የሚሄደውን የዓይን ሕክምና ተማሪ ከመለየታችሁ በፊት

ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር የሰው ሀብት ሥራ ኃላፊዎች
ለትምህርት ሚኒስቴር
የዓይን ሕክምና ባለሙያ ለምታሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎች

ጉዳዩ፦ ተመርቀው ገጠር የሚሠሩ የዓይን ሕክምና ተማሪዎችን አስቀድሞ ስለመለየት

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በመሐል አዲስ አበባ የዓይን ሕክምና የምንሠራና የምናስተምር ባለሙያዎች ነን። ከአራት ኪሎ ተነስቶ በፒያሳ አድርጎ ቸርችልን የሚወርድ ሰው በአንድ ከሰዓት ዓይኑን ከአንድ ቦታ በላይ አስለክቶ፣ ዋጋ አወዳድሮና ፍሬም መርጦ ቤቱ ይገባል። የአገሪቱ የዓይን ችግር ያለው ግን እዚህ ሠፈር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ሥውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። 11.5 በመቶው ትራኮማ ባስከተለው የዓይን ብሌን ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ መነጽር ባለማግኘት ብቻ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ ወይ ቀድሞ መከላከል፣ ወይ በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና፣ ወይ በአንድ ጥንድ ሌንስ ማቃናት የሚቻል ነው። የጎደለው በቦታው የሚገኝ ባለሙያ ነው።

ስለዚህም «ከተማሪዎቹ መካከል ገጠር የሚሄደውን ቀድመን ብናውቅና በእሱ ላይ ብንሠራስ?» የሚለው ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ብዙ ጊዜ የሚታሰብበትን መንገድ ግን አንደግፍም። የተለመደው፣ ለተመራቂ ተማሪዎች መጠይቅ በትኖ «ገጠር ለመሥራት ፈቃደኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ «አዎ» ያሉትን ከ«አይ» ባዮቹ በጾታ፣ በዕድሜና በትውልድ ቦታ ማነጻጸርና ውጤቱን ትንበያ ብሎ መጥራት ነው። እኛ የምንለው ደግሞ የሚለካው የተማሪው አፍ ሳይሆን እግሩ መሆን አለበት ነው። ተማሪው ሲለካ የሚላክበት መደብም አብሮ ካልተለካ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

የሚተነበየው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚበላሸው «ገጠር» የሚለው ነው። በስታቲስቲክስ አቆጣጠር 2,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለበት ቦታ «ከተማ» ሲባል ኖሯል። በዚህ ሚዛን ከሄድን በወረዳ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚሠራ ኦፕቶሜትሪስት (ዓይን መርምሮ የመነጽር ልኬት የሚሰጥ ባለሙያ) «ከተማ ነው ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። ያለ መብራት፣ ያለ ስሊት ላምፕ (ዓይን በብርሃንና በማጉያ የሚመረመርበት መሣሪያ) እና ያለ ኦፕሬሽን ማይክሮስኮፕ የዓይን ባለሙያ የሚቀመጥበት ቀበሌ ስለሌለ፣ በዚህ ሚዛን አገሪቱ ውስጥ «ገጠር» የሚሠራ የዓይን ባለሙያ አንድም አይገኝም ማለት ነው።

ስለዚህ ትርጉሙ ከጤና ተቋማት ደረጃ ጋር ይያያዝ። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ለኦፕቶሜትሪስትና ለዓይን ነርስ «ገጠር» የሚባለው የወረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይሁን። ለዓይን ስፔሻሊስት ሐኪም ግን የዞን ከተማ ጠቅላላ ሆስፒታልም ይቆጠር፤ ስፔሻሊስት ከዚያ በታች ቢላክ የሚሠራበት የቀዶ ሕክምና ክፍል አያገኝም። ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ሠንጠረዥ ደባልቆ «የዓይን ሕክምና ተማሪዎች» ማለት የሁለቱንም መልስ ያበላሻል።

ቀጥሎ ጊዜው ነው። በዕጣም ሆነ በምደባ ሄዶ በስድስተኛው ወር የተመለሰ ሰው «ሄዷል» ሊባል አይገባም። ልኬታችን ከተመረቀ በ24ኛውና በ36ኛው ወር የት እንደሚሠራ ይሁን። በ24ኛው ወር ላይ ብቻ ካቆምን የአገልግሎት ግዴታ ኖሮበት ያንኑ ለመጨረስ ቀን የሚቆጥረውንና ከልቡ የተቀመጠውን አንለይም። 36ኛው ወር ላይ ግን ይለያያሉ።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ገጠር ያልሄደ ሁሉ እምቢ ያለ አይደለም። በየክልሉ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ የጤና ባለሙያዎች አሉ። አንዱ ወደ ወረዳው ሄዶ «የኦፕቶሜትሪስት መደብ የለንም»፣ ወይም «መደቡ አለ፣ በጀቱ አልተለቀቀም» ተብሎ ይመለሳል፤ ከዚያም አዲስ አበባ መጥቶ መነጽር ቤት ይቀጠራል። መዝገቡ ላይ «ከተማን መረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ሰው እምቢ ካለው ጋር ደባልቆ የተሠራ ቀመር የሚተነብየው የተማሪን ምርጫ ሳይሆን የወረዳን በጀት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተመራቂ «በተመረቀበት ዓመት በሚፈልገው አካባቢ የተፈቀደና በጀት የተያዘለት ክፍት መደብ ነበር ወይ?» የሚል ዓምድ ይኑር። መደብ ያልነበረለት ሰው ከስሌቱ ይውጣ፣ ወይም ለብቻው ይቆጠር።

ምን ይጠየቅ፣ በምን ይረጋገጥ?

በዓለም ዙሪያ ስለ ሐኪሞችና ነርሶች ከተሰበሰበው መረጃ ሁሉ ደጋግሞ የሚታየው ገጠር ያደገ ተማሪ ገጠር የመሥራት ዕድሉ ከፍ የሚል መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባሻሻለው መመሪያው ተማሪዎችን ከገጠር መቀበልን ይመክራል። ነገሩ እውነት ነው፤ አለካኩ ነው የሚያስቸግረው።

ቅጾቻችን «የትውልድ ቦታ» ብለው ይጠይቃሉ። የትውልድ ቦታ ግን እናት የወለደችበት ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። በአምስት ዓመቱ አክስቱ ዘንድ መጥቶ አዲስ አበባ የተማረ ልጅ ቅጹ ላይ የገጠር ልጅ ነው። አባቱ የወረዳ ሠራተኛ ሆኖ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲዛወር ያደገው ልጅ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ስለተወለደ ብቻ፣ የከተማ ልጅ ይባላል። የሚጠቅመው ጥያቄ «ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የት ተማርክ? ትምህርት ቤቱ፣ ወረዳውና ቀበሌው» የሚለው ነው። ማረጋገጫውም በእጅ አለ፦ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ካርድ፣ ሕዝቡ ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚለው። ካርዱ የትምህርት ቤቱን ስም ይይዛል። ይህን የምንለው ለገጠር አስተዳደግ ነጥብ መሰጠት በተጀመረ ማግስት ከየትም የቀበሌ መታወቂያ ይዞ የሚመጣ እንደሚበዛ ስለምናውቅ ነው። የስምንት ዓመት ትምህርት ግን በአንድ ሳምንት ተሯሩጦ አይወጣም።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከውጭ የመጡ መጠይቆች ይህን ጥያቄ አይዙትም፤ እኛ ዘንድ ግን ከአስተዳደግ ቀጥሎ የምናስቀምጠው ነው። ገጠር አንድ ቦታ አይደለም። ጎጃም ገጠር ያደገ ተማሪ ለጎጃም «የገጠር ልጅ» ነው፤ ለሶማሌ ክልል ግን ከቦሌ ልጅ እምብዛም አይለይም። የዓይን ምርመራ ደግሞ ንግግር የሚበዛበት ሥራ ነው። «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያሉ ሌንስ በመቀያየር የሚሠራ የመነጽር ልኬት በአስተርጓሚ ሲሆን ጊዜው ይረዝማል፣ የሌንስ ኃይል የሚለይባት ሩብ ነጥብም ትጠፋለች። ስለዚህ «በየትኛው ቋንቋ የበሽተኛ ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ትቀበላለህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በአምስት ደቂቃ የቃል ፈተና ይረጋገጥ። ከዚያ «ገጠር» ከሚለው አንድ ዓምድ ይልቅ «የተማሪው አካባቢና ቋንቋ ከመደቡ ጋር ይገጥማል ወይ?» የሚል ዓምድ ይሠራ።

ሦስተኛው ተማሪው ወደ ክፍሉ የገባበት መንገድ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በኋላ ምደባ ሲደረግ ኦፕቶሜትሪን በአንደኛ ምርጫው ያገኘና ሕክምናን ፈልጎ ውጤቱ ስላልበቃ በአምስተኛ ምርጫው የደረሰው አንድ አይደሉም። ይህን ተማሪውን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሚሰጠው መልስ የተከለሰ ትዝታ ነው። የምርጫው ቅደም ተከተል በየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አለ። እሱን አውጡት።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። ክልሉ ወይም ሆስፒታሉ ስፖንሰር አድርጎት የመጣ ነው ወይስ በራሱ? ያለፉትን ሁለት ክረምቶች የት አሳለፈ? ቤተሰቡ አሁንም እዚያ አለ? ጾታና የትዳር ሁኔታ ይመዝገቡ፤ ሰውን ለመምረጥ ግን በጭራሽ አይግቡ። ሴት ባለሙያዎች ከወረዳ የሚለቁበት ምክንያት ደኅንነቱ የተጠበቀ ቤት ማጣትና ባል ሌላ ከተማ መመደቡ ከሆነ፣ ቀመሩ «ሴት ስለሆነች አትቆይም» ብሎ ሲደመድም ቅጣቱን የሚያወርደው ጥፋቱ በሌለባት ላይ ነው።

«ለሕዝቤ» የሚለው መልስ

የሚኒስቴር ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ «ገጠር ትሄዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ተመራቂ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ ፊቱ ቆሟል፣ ምደባው ገና ነው፣ ስሙም ወረቀቱ ላይ አለ። «ሕዝቤን ባለበት ሄጄ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ» ይላል። በዚህ መልስ ዕቅድ ማውጣት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የሚሻለው ጥያቄውን ወደ ምርጫ መቀየር ነው። ተማሪው ፊት ሁለት የሥራ መደቦች ይቀርባሉ። አንዱ ዞን ከተማ፣ የመንግሥት ደመወዝ፣ ቤት የለውም፣ መሣሪያ ግን የተሟላ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አለው። ሌላው ወረዳ ከተማ፣ ደመወዙ ላይ ግማሽ ተጨማሪ፣ ቤት አለው፣ ስሊት ላምፕ የለውም፣ የትምህርት ዕድሉ አይታወቅም። «የቱን ትወስዳለህ?» ተብሎ ከስምንት እስከ አሥር ጥንድ እየተቀያየረ ይጠየቃል። ተማሪው ለየትኛው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጥ ከምርጫዎቹ ይወጣል፤ ጨዋ መልስ የሚሰጥበት ቀዳዳም ይጠባል። ይህ መንገድ በአገራችን አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች ላይ በዚሁ መንገድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከዋና ከተማው ውጭ የሚከፈለው ደመወዝ እጥፍ ቢሆን እዚያ ለመሥራት የሚስማሙት ሐኪሞች ከ7 በመቶ ገደማ ወደ ከ50 በመቶ በላይ እንደሚያድጉ፣ ጥሩ መኖሪያ ቤት ብቻ ቢሰጥ ደግሞ ወደ 27 በመቶ እንደሚደርሱ ገምቷል። ቤቱ 46 በመቶ ያህል የደመወዝ ጭማሪን ይተካል ማለት ነው። ቁጥሮቹ የሐኪሞች እንጂ የኦፕቶሜትሪስቶች አይደሉም፤ ዓመታትም አልፈዋል። አሠራሩ ግን ይወሰድ፤ «የመሣሪያ መሟላት» የሚል አንድ ረድፍም ይጨመርበት።

መጠይቁ ሦስት ጊዜ ይሰጥ፦ ወደ ክፍሉ በገቡበት የመጀመሪያ ሴሚስተር፣ ከገጠር የተግባር ቆይታ በተመለሱ በወሩ፣ እና ከመውጫ ፈተናው በፊት። የሚሰበስበው ቀጣሪም መምህርም ያልሆነ ሰው ይሁን። ወረቀቱ ላይ ስም አይኑር፤ በኋላ ከሥራ ቦታው ጋር ለማገናኘት የሚስጥር ቁጥር ይበቃል፣ የቁጥሩም ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍበት።

ስለ ተግባር ቆይታው

ተማሪዎችን ገጠር ወስዶ ማሳየት ምርጫቸውን ይለውጣል ይባላል። ይህም በአገራችን ሥር ያለው ነገር ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ትምህርቱ በጤና ጣቢያ በቡድን በመሥራት ላይ የቆመ ነበር፤ ጅማም ሕዝብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው የኖረው። የዓይን ተማሪዎች ዘንድ ሲደርስ ግን ቆይታው ብዙ ጊዜ ወደ ጉብኝት ይወርዳል። በዩኒቨርሲቲው መኪና መሄድ፣ ሆቴል ማደር፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የሦስት መቶ ልጆች ዓይን መለካት፣ ሪፖርት ጽፎ መመለስ። በዚህ ውስጥ ተማሪው የሚያየው ዘመቻን ነው። ማክሰኞ ከሰዓት አራት በሽተኛ ብቻ መጥቶ፣ የሪቲኖስኮፑ (ያለ በሽተኛው መልስ በብርሃን የመነጽር ልኬት የሚወሰድበት መሣሪያ) አምፖል ተቃጥሎ፣ ሥራ አስኪያጁ «ድንገተኛ ክፍል ሰው ጎድሏል፣ እዚያ ግባ» ሲል ምን እንደሚደረግ አያይም። ገጠር መሥራት ማለት ይኸው ማክሰኞ ነው።

ቆይታው ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ በአንድ ሆስፒታል፣ ሁለት ሁለት ተማሪ በአንድ የዚያው ሆስፒታል ባለሙያ ሥር ሆኖ ይሁን እንላለን። ከዋና ከተማው ውጭ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሲሰጥባቸው የኖሩ እንደ ቡታጅራው ግራርቤት፣ እንደ ምሥራቅ ሐረርጌው ቢሲዲሞና እንደ መቀሌው ኲሓ ያሉ ቦታዎች ለስፔሻሊቲ ተማሪዎች ጥሩ መነሻ ናቸው። የስፔሻሊቲ ተማሪ ከተማ ውስጥ በፋኮ ማሽን (ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በሚመጥ መሣሪያ) ብቻ እጁን ካፍታታ፣ ማሽኑ የሌለበት ሆስፒታል ሲደርስ እጁን የታሰረ ያህል ይሰማዋል። በትንሽ ቀዳዳ፣ ያለ ስፌት የሚሠራውን የሞራ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሠራው ግን ማይክሮስኮፕና ንጹሕ ክፍል ካገኘ ይሠራል። በመሆኑም «በሥልጠናው ጊዜ ስንት ሞራ ያለ ፋኮ ለብቻው ሠራ?» የሚለው ለስፔሻሊስቱ ትንበያ ከምናውቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቀድሞ መግባት ያለበት ይመስለናል፤ መልሱም ከሥልጠና መዝገቡ ላይ ይገኛል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ረጅሙን ቆይታ በፈቃዳቸው የመረጡ ተማሪዎች በኋላ ገጠር ቢሄዱ ቆይታው ለወጣቸው ማለት አይቻልም፤ ቀድሞም የሚሄዱት ናቸው ወደ ቆይታው የተመዘገቡት። ለዚህ መድኃኒቱ ዕጣ ነው፣ የጤና ባለሙያ ደግሞ ከዕጣ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ፈቃደኞቹ ከቦታው ከበለጡ በዕጣ ይለዩ፤ ዕጣው የወጣላቸውና ያልወጣላቸው በ36ኛው ወር ይነጻጸሩ። ያኔ ልዩነቱ የቆይታው ይሆናል።

ቁጥሩ ምን ያህል ይሸከማል?

ስሌቱን ለሚሠሩት ሁለት ነገር እንበል። አንደኛው የናሙና መጠን ነው። በልምድ እንደሚባለው፣ ቀመር ውስጥ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ምክንያት ቢያንስ 10 «የሄዱ» ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ክፍል 40 ተማሪ ቢኖረውና 8ቱ ብቻ ቢሄዱ ለአንድ ምክንያትም አይበቃም። ስድስት ምክንያት ለማስገባት 60 የሄዱ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ይህም የስምንት ዓመት ተመራቂ ነው። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው የሚሠራው ቀመር እንደማያዋጣ ከወዲሁ ይታወቅ። ጎንደር፣ ሐዋሳና ሌሎቹም በአንድ ቅጽ፣ በአንድ ትርጉም መዝግበው መረጃቸውን ማዋሐድ አለባቸው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ለምሳሌ ያህል 100 ተማሪ አለን፣ 20ው በእርግጥ ገጠር የሚሄዱ ናቸው እንበል። መለያችን ከሚሄዱት 70 በመቶውን በትክክል የሚይዝ፣ ከማይሄዱትም 70 በመቶውን በትክክል «አይሄድም» የሚል ቢሆን፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ጥሩ መለያ ነው። ከ20ዎቹ 14ቱን ይይዛል፣ 6ቱ ያመልጡታል። ከ80ዎቹ ግን 24ቱን «ይሄዳሉ» ብሎ ይሳሳታል። «ገጠር ሂያጅ» የሚል ምልክት ያለባቸው 38 ሰዎች ሆኑ፤ በእርግጥ የሚሄዱት ከእነሱ 14ቱ፣ 37 በመቶ ገደማ ናቸው። ምልክት ከሌላቸው 62 ውስጥ ደግሞ 6ቱ ይሄዳሉ።

ይህ ቁጥር «ለነዚህ 38 ተማሪዎች ረጅሙን ቆይታና ስፖንሰር ቀድመን እናቅርብላቸው» ለማለት ይበቃል። «ይኼን ልጅ እንቀበል፣ ያንን አንቀበል» ለማለት ግን አይበቃም። አንድን ልጅ ገጠር ስላደገ ብቻ ወደ ገጠር የመመለስ ዕዳ አለበት፣ የከተማው ልጅ ግን ነፃ ነው የሚል አሠራር ከዚህ ቢወለድ ፍትሕም አይሆን፣ አይሠራምም። ሁለቱ አንድ ዶርም ነው የሚያድሩት፤ በወሩ ይሰሙታል።

የመደቡ ግማሽ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ለአንድ ኦፕቶሜትሪስት ክፍል የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። 6 ሜትር ርቀት፣ ካልተገኘም 3 ሜትርና መስታወት። ፊደል ለማያነቡ አቅጣጫው የሚቀያየር ባለ ሦስት እግር ምልክት ያለበት ሠንጠረዥ። የሙከራ ሌንስ ሳጥንና የሙከራ ፍሬም፣ ሪቲኖስኮፕ፣ ኦፍታልሞስኮፕ (የዓይን ውስጥ ማያ)፣ ስሊት ላምፕ፣ የዓይን ግፊት መለኪያ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ክፍሉን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጠው የሪቲኖስኮፕ አምፖል ናት። ስትቃጠል ወረዳ ከተማ ሱቅ አትገኝም። ጥያቄው ከክፍሉ ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ ዞን ይሄዳል፤ ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ለብቻዋ ጨረታ አይወጣላትም፣ ከሌላ ዕቃ ጋር እስክትጠቃለል ትጠብቃለች። እስከዚያ የሕፃናት የመነጽር ልኬት ቆመ ማለት ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ «ይኼኛው ይሻላል» ብሎ አይመልስም። ባለሙያው ወር ሁለት ወር ሥራ ፈትቶ ይቀመጥና በሦስተኛው ወር አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ዘንድ ይደውላል። መሣሪያው ሲላክ አብረው የሚላኩ ስድስት መለዋወጫ አምፖሎች ቢኖሩ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቀጥሎ የመነጽሩ ነገር ነው። ልኬት ተሰጥቶ መነጽር ከሌለ ምን ዋጋ አለው? መርፌ ውስጥ ክር ማሾለክ ላቃታት የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ከ+1.00 እስከ +3.50 ያለ ተዘጋጅቶ የተሠራ የማንበቢያ መነጽር ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ቢኖር በዚያው ቀን ይፈታላታል። የሩቅ ዕይታ ለተቸገረው ተማሪ ግን ሌንስ የሚቆርጥ ማሽን፣ የሌንስ ክምችትና የሚቆርጥ ሰው ያስፈልጋል። ለየወረዳው አንድ ማሽን አይታሰብም፤ ለአንድ ዞን አንድ ይበቃል። ወረቀቱ ከወረዳው በስልክ ፎቶ ይላካል፣ የተቆረጠው መነጽር በሕዝብ ማመላለሻ ይመለሳል። በሁለቱ ዓይኖች ብሌን መካከል ያለውን ርቀት ወረዳው ላይ በማስመሪያ በትክክል መለካት አይረሳ፤ መነጽሩ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ራስ ምታት ከሚያመጡት አንዱ የዚህ ልኬት ስሕተት ነው።

ከላይ የጠቀስናቸው ሁሉ በአንድ ገጽ ዝርዝር ይገባሉ፦ የተፈቀደ መደብ፣ የተያዘ በጀት፣ ክፍል፣ መሣሪያ፣ መለዋወጫ፣ ቤት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ የበላይ ባለሙያ፣ ቀኑ የተወሰነ የትምህርት ዕድል። ለእያንዳንዱ ወረዳ ይሞላ። ከዚያ ቀመሩ ውስጥ ከተማሪው አስተዳደግ ጎን ይግባ። ግምታችን፣ የመሣሪያና የቤት ዓምዶች ሲገቡ ከተማሪው ባሕርይ ዓምዶች አንዳንዶቹ ጉልበታቸው ይቀንሳል የሚል ነው። ተሳስተን ከሆነ ቁጥሩ ያሳየን።

እዚህ ላይ በጤና ጣቢያ የሚሠሩትን ነርሶች ሳንጠቅስ አናልፍም። በትራኮማ የተቀለበሰ ሽፋሽፍትን በቀዶ ሕክምና ለማስተካከል የሚሠለጥኑት እዚያው ወረዳ ያሉ ነርሶች ናቸው። ስለ እነሱ ትንበያ አያስፈልግም፤ ቀድሞውኑ እዚያ አሉ፣ ቋንቋውን ይናገራሉ፣ ቤት አላቸው። የሚጠፉት ከወረዳው ሳይሆን ከሥራው ነው። ወደ እናቶች ክፍል ይዛወራሉ፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያው ይዶለዱማል፣ ስፌት ያልቃል። ከእነሱ መካከል ወደ ዓይን ነርስነትና ወደ ኦፕቶሜትሪ ማሳደግ ከማንኛውም ቀመር የሚበልጥ መንገድ ነው፣ አንድ ችግር ግን አለው፦ ዲግሪው ራሱ መውጫ በር ይሆናል። ስለዚህ የሚያሳድጋቸው ወረዳ ሲመለሱ የሚገቡበትን መደብ ከመሄዳቸው በፊት ያስፈቅድ። ነርስ ሆኖ ሄዶ ኦፕቶሜትሪስት ሆኖ ሲመለስ «መደብ የለም» የተባለ ሰው መልቀቂያ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በመጨረሻ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ከሚቀጥለው የምደባ ጊዜ በፊት ጤና ሚኒስቴር ለዓይን ሕክምና ሙያዎች የ«ገጠር መደብ»ን ትርጉም በሙያ ለይቶ ያውጣ። ትምህርት ሚኒስቴር በየሬጅስትራሩ ያለው የመጀመሪያ ዓመት ምደባ የምርጫ ቅደም ተከተል በስም ፋንታ በሚስጥር ቁጥር ሆኖ ለዚህ ሥራ እንዲወጣ ይፍቀድ። ዩኒቨርሲቲዎቹ አንድ የጋራ ቅጽ ይያዙ፤ ተመራቂዎቻቸውንም በ24ኛውና በ36ኛው ወር ደውለው የሚያገኙበት አንድ ሠራተኛና አንድ ስልክ ይመድቡ። ተመራቂ ስልክ ስለሚቀይር፣ ሲወጣ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሁለት ቤተሰብ ስልክም ይያዝ። ክልሎች ደግሞ የወረዳዎቹን የመደብና የመሣሪያ ዝርዝር በየዓመቱ ሐምሌ፣ በጀት በሚታወቅበት ወር፣ ያድሱ። ቅጹን በማዘጋጀትና መረጃውን በመፈተሽ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነን።

ከሠላምታ ጋር

በመሐል አዲስ አበባ የምንሠራ የዓይን ሕክምና ባለሙያዎችና መምህራን

ግልባጭ፦
ለክልል ጤና ቢሮዎች
ለየዩኒቨርሲቲዎቹ የኦፕቶሜትሪና የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍሎች